በዓመት ስምንት ጎማ

አባቴን ችኩል ነበር የሚሉት ሰዎች አያውቁትም። ያቺን ቀይ መኪና ከመግዛቱ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሒሳብ አሠርቷል። የጎማውን፣ የዘይቱን፣ የፍሬኑን ሳይቀር ጠይቆ፣ አስጽፎ፣ አስደምሮ ነው የወሰነው። ተናዶ ወይም ሰክሮ አድርጎት ቢሆን ኖሮ እንደ ሰው ይቅር እለው ነበር። አመዛዝኖ ስላደረገው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

ጊዜው ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዛሬ ጭሮ የምንላት ከተማ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ጊዜ። እኔ ማሚቱ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እህቴ ባየች አሥራ አምስት። አባታችን አቶ አጥናፉ በፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነበር፤ ከቡልጋ ተመድቦ የመጣ፣ ኮቱን በጠራራ ፀሐይ የማያወልቅ፣ ደመወዙ መቶ ዘጠና ብር፣ ኩራቱ የአንድ ሺህ ብር የሆነ ሰው። «ሰው በሚሄድበት ነው የሚታየው» ይል ነበር፤ እሱ ግን በእግሩ ነበር የሚሄደው። የግምጃ ቤቱ ሹም በበቅሎ ባለፈ ቁጥር አባቴ ጫማውን የሚያስር መስሎ ያጎነብሳል።

ቀይዋ መኪና የሙሴ ያኒ ነበረች። ሙሴ ያኒ ከገለምሶና ከመቻራ ቡና የሚሰበስብ ግሪክ ነው። መኪናዋ የቤት መኪና ትሁን እንጂ ለሩጫ የተሠራች ነበረች፤ ዝቅ ያለች፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ከሚኤሶ በኩል ዳገቱን ስትወጣ ገና ሳትታይ ድምጿ ይሰማል። እኛ ልጆች ጨዋታችንን በትነን ወደ መንገዱ እንሮጣለን፤ አባቴ ደግሞ ከቢሮው መስኮት ይቆማል። እኛና እሱ ያን ጊዜ እኩዮች ነበርን።

ታዲያ በጥር ወር ሙሴ ያኒ ወደ ድሬዳዋ ሊዛወር ነው፣ መኪናዋንም በሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ይሸጣል የሚል ወሬ መጣ። አባቴ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ አሉ። በሳምንቱ ቡልጋ ያለውን የርስት ድርሻ ለወንድሙ እንደሚሸጥ ደብዳቤ ጻፈ፤ የጎደለውን ከዕቁብ ሊሞላ ቆረጠ። መግዣው ተገኘ። እሱ ግን የመዝገብ ሰው ነውና «መግዛቱ ቀላል ነው፤ ማኖሩ ነው ጭንቁ» አለና ሒሳቡን ጀመረ።

ሒሳቡን የሠራችው ባየች ናት። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ በሰኔ ሚኒስትሪ ልትፈተን ነው። ከክፍሏ ወንዱንም ሴቱንም ቀድማ አንደኛ ትወጣ ነበር። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለሆነ አባቴ የቢሮ ደብዳቤ ሳይቀር ያስገለብጣታል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ወጣ፤ ባየች ወረቀትና ቀለም ይዛ ተቀመጠች፤ ዘይኑዲን ተጠራ። ዘይኑዲን የቡና ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከኛ ቤት ሦስተኛው ቤት ይኖራል። እንደ አገሩ ሰው ለዳኛውም ለሕፃኑም «አንተ» ነው የሚለው። አባቴን ይህ ቢከነክነውም ጎማ የሚያውቅ ሌላ ጎረቤት ስላልነበረን ይታገሠዋል።

«እስቲ ንገረኝ ዘይኑዲን፣ ይቺን መኪና የያዘ ሰው በዓመት ስንት ጎማ ይፈጃል?»

«አንተ ወዴት ልትነዳት ነው?»

«ሚኤሶ፤ አንዳንዴ ሂርና። ለስብሰባ ሐረር። በደሳና ገለምሶም ለምርመራ እሄዳለሁ።»

«በደሳ ካልክ አቦ ስምንት ጻፍ» አለ ዘይኑዲን። «ለስድስት ወር አራት፣ ለስድስት ወር አራት። የቁኒ መንገድ ድንጋይ ምላጭ ነው። የኔ ትልቁ ጎማ ወላሂ ይቆረጣል፣ ይቺ እንኳን። ይቺ ለአስፋልት ነው የተሠራች። እኔ ወንድምህ ብሆን አትግዛ ነው የምልህ።»

«ምክር አልጠየቅኩህም፤ ጎማ ነው የጠየቅኩህ። አንዱ ስንት ነው?»

«ሰባ ብር። በደሳ፣ ገብረጻድቅ ጋ ታገኛለህ።»

ባየች ጻፈች። የዘይት መለወጫ ስንት፣ ካንዴላ ስንት፣ የባሌስትራ ማሰሪያ ስንት፣ ፍሬን በስንት ወር ያልቃል፣ ዘይኑዲን በጣቱ እየቆጠረ ተናገረ፤ እሷ በመስመር በመስመር አወረደችው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የዘይኑዲንን የጎማ ጫማ አያለሁ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነው። ባየች ቀና አለችና ብዕሯን በከንፈሯ ያዘች፤ ስታስብ እንዲህ ታደርግ ነበር።

«አባባ፣ ቤንዚኑን ይችላሉ» አለች። «ዘይቱንም፣ ሌላውንም ጥገና ቆጥበን እንችለዋለን። ጎማው ነው የማይቻለው። ስምንቱ አምስት መቶ ስልሳ ብር ነው፤ የሦስት ወር ደመወዝዎ ማለት ነው። ጎማው ከሌላ ቦታ ቢገኝ ኖሮ ያዋጣ ነበር።»

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አራት ላይ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። እኔ ባየች መኪናዬን የከለከለችኝ መስሎኝ እራት ላይ አላናገርኳትም።

ገብረጻድቅ የበደሳ ጎማ ነጋዴ ነው። የቡና መኪኖች ጎማ ሁሉ እዚያ አካባቢ እየፈነዳ ቢያስቸግር ሱቁን እዚያው የከፈተ ብልህ ሰው። ከሶዶ በልጅነቱ መጥቶ ከጎማ ከመነዳሪ ለጣፊነት ተነሥቶ ነው ሱቅና ጋራዥ ያቆመው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነው ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቴ በዘይኑዲን መኪና በደሳ ድረስ ሄዶ ዋጋ እንዲቀንስለት ለመነው። አልቀነሰም። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት፣ የሙሴ ያኒን መኪና ጎማ ልለካ ነው ብሎ ራሱ ቤታችን መጣ።

እጁን አልረሳውም። መዳፉ ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ ጥቁር ነበሩ። ለእኔ ካራሜላ ሰጠኝና ጎማ ጎማ ይሸታል ብዬ ሳልበላው ኪሴ ከተትኩት። አባቴ ወረቀቱን ከኮቱ አውጥቶ አነበበለት፤ ገብረጻድቅ ማንበብ አይችልም ነበር። የዱቤውን ሒሳብ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጫረ ነው የሚይዘው። ጸሐፊ ቢቀጥር ሰርቆት ጠፋ።

«ይህን የደመረው ማን ነው?» አለ።

«ልጄ ናት» አለ አባቴ በኩራት። «ባየች! ነይ እስቲ።»

ባየች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ገብረጻድቅ ፊቷን አላየም ብል አልዋሽም፤ ያየው እጇን ነው፣ የቀለሙን ነጠብጣብ።

«መቶ ሠላሳ ስምንት ጎማ በስልሳ ሁለት ገዝተሽ በሰባ ብትሸጪ፣ ትርፉ ስንት ነው?»

ባየች ወደ ጣራው አየች። ብዕሯ ስላልነበረ ጣቷን በከንፈሯ ያዘች። «አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ብር» አለች።

ገብረጻድቅ መልሱ ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም። አባቴ በወረቀት አረጋግጦ «ልክ ናት» ሲል ግን ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የራስ ሰው ሲሆን አይሰርቅም» አለ ለራሱ ያህል። እኔ አጨበጨብኩ። ውድድር መስሎኝ ነበር፤ እህቴ ያሸነፈች መሰለኝ። ባየችም እንደዚያው መስሏት እየሳቀች ወጣች።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሎች መጡ። አንዱ የኛው የነፍስ አባት ናቸው። እንግዳ ሁሉ ስለ መኪና ነው የሚመጣው ብዬ ስለማምን ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቄ ሰማሁ። ሽማግሎቹ ቁጭ በሉ ቢባሉ አሻፈረን አሉ፤ ፈቃድ ካላገኘን አንቀመጥም፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው አሉ። «ልጃችን» የሚሉት ገብረጻድቅ ከነፍስ አባታችን በሁለት ዓመት ቢያንስ ነው። አባቴ አልደነገጠም። ወረቀቱን ከኮቱ አወጣ።

«በዓመት ስምንት ጎማ» አለ። «ጥገናውም በሱ ጋራዥ፣ ያለ ዋጋ። እኔ በሕይወት እስካለሁ።»

«ጎማ በጥሎሽ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ዘመኑ ነው» አሉ የነፍስ አባታችን፣ ወንበሩን እየሳቡ።

እናቴ ሣህሊቱ ገባች። ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። «እርስዎ» አለችው አባቴን፤ በሰው ፊት ስሙን አትጠራም። «ፈተናዋ እኮ ሰኔ ላይ ነው። ይህን ያህል ደክማ።»

«ፈተናውን አልፋለች» አላት አባቴ። «ገብረጻድቅ ፈትኗታል።»

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ እህቴ ባየች ሚኒስትሪን ከሁሉ በፊት ተፈትና አለፈች ብዬ አወራሁ። መምህሯ ወይዘሮ አየለች ከሰልፍ አውጥተው ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ። አባባ ነው አልኩ። ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥተው ከአባቴ ጋር ተነጋገሩ፤ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እኔ ጉንፋን ይዟቸዋል አልኩ።

ሠርጉ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሆነ። በኛ ዘንድ ሙሽራ ካላለቀሰች ነውር ነው። ዓይኗ ከደረቀ ለባል ቸኮለች ይሏታል፤ ስለዚህ የማይመጣላትም ቢሆን በሽንኩርትም በቁንጥጫም ታመጣዋለች። ባየች ሽንኩርት አላስፈለጋትም። ከዋዜማው ጀምራ አለቀሰች፤ ሲያለብሷት አለቀሰች፤ የእናቴን ጉልበት ይዛ «አንድ ወር ብቻ፣ ፈተናዬን ልፈተን፣ አንድ ወር ብቻ» እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ ተደነቁ። «እሰይ፣ የጨዋ ልጅ» አሉ። «እንዲህ ነው እንጂ ማልቀስ።» አንዷ ደግሞ «ሙሾዋም አዲስ ነው፣ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ነው» አለች። እኔ በእህቴ ኮራሁ። ጓሮ ወርጄ፣ ሳገባ እንደሷ እንዳለቅስ ፊቴን ጨምድጄ ተለማመድኩ።

ሙሽራው ቀሚስና የወርቅ ቀለበት ይዞ መጣ፤ ከኋላው አራት ሠራተኞቹ አራት አዲስ ጎማ እያንከባለሉ ገቡ። ሕዝቡ እልል አለ። ዘይኑዲን ብቻ በሩ ላይ ቆሞ አፉን በሻርፑ ይዞ ነበር። በዚያው ሳምንት ቀይዋ መኪና በአዲስ ጎማ ከደጃችን ቆመች።

አምስት ወር ቆማ እኔ አንድ ቀን አልወጣሁባትም። አባቴ ብቻውን ነው የሚነዳት። «ክብደት ጎማ ይበላል» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ባልዲ ይዤ አጥባታለሁ፤ በመስታወቱ ወደ ውስጥ እያየሁ የት ጋ እንደምቀመጥ እመርጣለሁ። እውነቱን አልደብቅም፣ ባየች አልናፈቀችኝም። የሷን አልጋ ወርሼ ነበር። ክረምቱ መንገዱን ዘጋው፤ ከበደሳ ወሬ አልነበረም፤ እናቴ በዘይኑዲን ስንቅ ትልካለች፣ ዘይኑዲንም «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ ወደ መሬት ያያል።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዘይኑዲን የጭነት መኪናውን ከበራችን ፊት አቆመና ባየችን ከቡናው ጆንያ ላይ አወረዳት። ከስታለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ከግራዋ ሮጬ ሄጄ «ባየች! ባየች!» አልኳት። ዞራም አላየችኝ። ባል አግብታ ኮራች ብዬ አኮረፍኩ።

አልኮራችም ነበር። ያ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። ሰኔ ላይ፣ ጓደኞቿ ለፈተና በተቀመጡበት ቀን፣ ገብረጻድቅ ከሱቁ መዝገብ አርባ ብር ጎደለ ብሎ ነው የመታት፤ ብሩን ኋላ በገዛ ኪሱ አገኘው። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የምትሰማው በቀኙ ብቻ ነበር። ይህን የነገረችኝ እኔ ነርስ ሆኜ ጆሮዋን ራሴ በመርመሪያ ካየሁት በኋላ ነው። እስከዚያ ለማንም አልተናገረችም፤ ስንጠይቃት ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው ትል ነበር።

ያን ቀን ግን ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። እኔ ገረመኝ። ሠርጉ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል፣ ዛሬም ወጉን ታደርሳለች ብዬ አሰብኩ። አባቴ ለምሳ ሲመጣ ዘይኑዲን ገና አልሄደም ነበር።

«አንተ ነህ ያመጣሃት?» አለው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አቦ አጥናፉ፣ እኔ ጎማ ነው የነገርኩህ። ይሄን አልነገርኩህም።»

«ከቤቴ ውጣ።»

ዘይኑዲን ወጣ። አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እናቴ ቆማ ነበር። ባየች መሬት ላይ ናት።

«ከቀረች ጎማው ይቀራል» አለ። «የፊተኞቹ አልቀዋል። በያዝነው ወር አራት ሊሰጠኝ ነው።»

«መኪናዋን ይሽጧት» አለች እናቴ።

«ማን ይገዛታል? ይህን ጎማ ማን ይችላል?»

ባየች እንባዋን ጠረገች። ድምጿ እንደ ድሮው፣ የክፍል መልስ እንደምትመልስ ሆነ። «አባባ፣ እኔ ልክፈለው። ወይዘሮ አየለች ለትናንሾቹ ልጆች ረዳት ይፈልጋሉ፤ በወር ሠላሳ ብር ነው። አምስቱን ለቀለብ ለእማማ ብሰጥ ሃያ አምስት ይተርፋል። በዓመት ሦስት መቶ ነው። የጎደለውን ማታ ማታ የነጋዴዎች መዝገብ እየጻፍኩ እሞላለሁ። እችላለሁ።»

አባቴ አዳመጣት። በእውነት አዳመጣት፤ ንግግሯ መሐል ላይ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በልቡ ደመረው መሰለኝ።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለ። «ግን የዚህን ወር አራቱን ማን ይሰጠኛል?»

አባቴ ተነሥቶ «ነገ ጠዋት እኔው ራሴ አደርሳታለሁ፤ እናስታርቃቸዋለን» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ከማንም ጋር ተጣልቶ ሲጨርስ ወደኔ መዞር ይወድ ነበር። «ማሚቱም ትመጣለች» አለ። «አምስት ወር ሙሉ አጥባታለች፣ አንድ ቀን ትቀመጥባት።»

ለኔ ሲል አልነበረም፤ ልጅ መኪና ውስጥ ካለ ባየች በመንገድ ላይ እንዳትጮህ፣ ሰውም ቢያይ የዘመድ ጥየቃ እንዲመስል። እኔ ግን ጣራ እስክነካ ዘለልኩ። እናቴ ባየችን ይዛ ጓዳ ገባች፤ እኔ ደግሞ የሠርጉን ቀሚሴን ፍለጋ ሳጥን ገለበጥኩ።

ጠዋት ወጣን። ጭጋጉ ከተራራው ገና አልተነሣም። ባየችና እኔ ከኋላ ነን፤ ወንበሩ ለስላሳ፣ ሽታው ሌላ። የከተማው ልጆች ከኋላችን ሮጡ፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሮጡት ወገን አልነበርኩም። አባቴ ዳገቱ ላይ ሲነዳት ሞተሯ አጉረመረመ፣ ዛፎቹ ወደኋላ ሄዱ። መስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ድንጋዩን ሁሉ ቆጠርኩ። እጄ በባየች እጅ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ጠበቅ አድርጋ ይዛኛለች።

ቁኒ ልንደርስ ስንል ወደ ጆሮዬ አጎነበሰች።

«ማሚቱ፣ ስሚኝ። ሆዴን አመመኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው በይ። አባባ ለወንበሩ ሲል ያቆማል። ዛሬ ቁኒ ገበያ ነው። ካቆመ እኔ ወርጄ ሰው መሐል እገባለሁ፤ የሚኤሶ መኪና አለ። እሺ በይኝ የኔ እናት። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ገባኝ። ጎበዝ ልጅ ነበርኩ፣ የሚባለው ይገባኛል። ከቆምን በደሳን እንደማላይ ገባኝ። አባቴ ተናዶ እንደሚመልሰኝ፣ ሁለተኛም እንደማልወጣባት ገባኝ። የእህቴ ጉዳይ ግን ለኔ ልቅሶ ብቻ ነበር፤ ልቅሶ ደግሞ የሙሽራ ወግ ነው፣ ያልፋል። መኪና ከቆመ ግን አያልፍም።

«አባባ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ባየች አመመኝ በይ አለችኝ። እኔ ግን አላመመኝም።»

አባቴ በመስታወቱ አየን። ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። «ጎበዝ» አለኝ። «አንቺ ነሽ የኔ ልጅ።» ጥሩንባውን ነፍቶ ገበያውን ሰንጥቆ አለፈ፤ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ሸሹ፣ አህዮች በረገጉ። አንድ የጭነት መኪና በመንገዱ ጠርዝ ሰው ሲያሳፍር በጎናችን ቀረ። ባየች እጄን ለቀቀች። ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

በደሳ ስንደርስ ገብረጻድቅ ከጋራዡ ወጥቶ መጣ። አባቴን ሰላም አለው፣ ጉልበቱን እስከ መሳም አጎነበሰ፤ አማች ነውና። ከዚያ ሚስቱን ሳያያት መኪናዋን ዞረ። ቁጢጥ ብሎ እያንዳንዱን ጎማ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ጥፍሩን በጎማው ጥርሶች መሐል እያስገባ ለካ።

«የፊት ቀኙ አልቋል» አለ። «አሁኑኑ ይለወጣል። ሌሎቹ አሥራ አምስት ቀን ይሄዳሉ፤ ያኔ ይምጡና ይወስዳሉ።» ቀና ብሎ ባየችን አያት። «ግቢ።»

ባየች ወርዳ ወደ ሱቁ ሄደች። እኔ ጎማው ሲፈታ ለማየት ቀረሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሠራተኞቹ መኪናዋን በክሪክ አነሧት፣ አሮጌውን ጣሉ፣ አዲሱን አሰሩ። ገብረጻድቅ ወደ ሱቁ በር ጮኸ። «መዝገቡን አምጪ፣ ጻፊው።»

ባየች መዝገቡን ይዛ በሩ ላይ ወጣች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አውርዳለች። መዝገቡን በክንዷ ደግፋ ብዕሩን በከንፈሯ ያዘች፤ ከዚያ ጻፈች። እኔ ማንበብ ስለምችል ጠጋ ብዬ በክንዷ ሥር አነበብኩት። «አንድ ጎማ። ሰባ ብር። ለአቶ አጥናፉ። በጥሎሽ የሚታሰብ።» ጽሑፏ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። ቀና አላለችም። እኔም ደህና ሁኚ አላልኳት፤ አባቴ ጥሩንባ ነፍቶ ይጠራኝ ነበር።

ስንመለስ ከፊት አስቀመጠኝ። ፀሐዩ ወጥቷል፤ ሸለቆው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባቴ በደስታ ያፏጫል። «አየሽ፣ አሁን አትንቀጠቀጥም፤ ጎማ ነው» አለኝ። ቁኒ ላይ አቁሞ ሙዝ ገዛልኝ። ቤት ስንገባ እናቴ ታረቁ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ታርቀዋል አለ፤ እኔን ስትጠይቀኝ እኔም ታርቀዋል አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ፣ ደመወዝ በልቻለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ባየችን በደሳ ቀብሬያለሁ። በዚያች መኪና የፊት ወንበር ላይ ሙዝ እየበላሁ እንደተደሰትኩት ግን በዕድሜዬ ተደስቼ አላውቅም።